የፊት ጎማዎቹ አይጎትቱም ነበር

ሰውን መፍራት ሞትን ከመፍራት እንደሚብስ ያወቅሁት ከቱርሚ አለፍ ብሎ ባለ ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ዛሬ ሳወራው ቀላል ይመስላል። ያን ቀን ግን ከንፈሬ ደርቆ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ ነበር።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ዘመኑም የደርግ። የተወለድኩት ገዘር፣ ከአሪ ገበሬዎች ቤት ሲሆን፣ ጂንካ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። የምነዳት ከመንገድ ሥራ ካምፕ አገልግላ የተላለፈችልንን፣ ጭነት ቦታዋ ሸራ የለበሰ ትንሽ መኪና ነው። ጂፕ እንላታለን። አሮጌ ብትሆንም አራቱም ጎማዎቿ ስለሚጎትቱ በክረምት ከጂንካ የምትወጣና የምትገባ እሷ ብቻ የምትሆንበት ጊዜ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሳላስፈቅድ ይዣት ገዘር ወጣሁ። እናቴ ሁለት ጆንያ ገብስ ወደ ጂንካ እንዳወርድላት ለምናኝ ነው። መመለሻው ላይ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ነዳጁን ስረግጥ ከሥር «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኃይልን ከሞተሩ ወደ ፊት ጎማዎች የሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያው፣ እኛ ክሮቼራ የምንለው፣ ተሰብሮ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ የፊት ጎማዎቹ ዝም ብለው ይንከባለላሉ እንጂ አይጎትቱም።

ለኃላፊዬ መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። የመንግሥት ንብረት መስበር ያኔ «አሻጥር» ሊባል ይችላል። ያውም ያለ ፈቃድ ወጥቼ፣ ያውም የእናቴን ገብስ ጭኜ። በዚያ ላይ አባቴ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበር፤ ጸሎት ቤቱ ከታሸገ ወዲህ ቤተሰባችን በቀበሌው ዘንድ በጥሩ ዓይን አይታይም። ስለዚህ ዘንጉን ፈትቼ በጆንያ ጠቀለልኩና አልጋዬ ሥር ደበቅሁት።

ጉድለቱ እንዳይታወቅብኝ የኋላ ጎማዎቹ ላይ በረታሁ። ጥርሳቸው ረጅም የሆነ ያገለገሉ ጎማዎች ፈልጌ ገጠምኩ። ከኋላ ከበድ እንድትል ሦስት ጆንያ አሸዋና አንድ የብረት ቁራጭ ጫንኩ። ከአሮጌ የግንድ መጎተቻ ሰንሰለት ቆርጬ ጎማ ላይ የሚጠመጠም ካቴና ሠራሁ። ሠራልኝም። የጂንካን ጭቃ ካቴናው እየነከሰ ይወጣው ጀመር። እንዲያውም በአንድ ስብሰባ ላይ ኃላፊያችን ጓድ መኮንን ተነስተው «ጓድ ማርቆስ በራሱ ፈጠራ የመኪናችንን ጉልበት ጨምሯል» ብለው አስጨበጨቡልኝ። ጭብጨባው በበረታ ቁጥር ወንበሬ ላይ እያነስኩ ሄድኩ። ከዚያ በኋላማ እንዴት አድርጌ ልናገር?

በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ከኦሞራቴ በሬዲዮ መልእክት መጣ። የመስኖ ውኃ ፓምፕ የሚያንቀሳቅሱት ጋሽ ዘለቀ እግራቸው ላይ ፓምፕ ተገልብጦባቸው ጭናቸው ተሰብሯል። ጂንካ ዝናብ ከርሞ የአውሮፕላን ሜዳው ሣር ውኃ ስላቆረ አውሮፕላን አይወርድም። ጓድ መኮንን ጠሩኝ።

«ከአንተ ሌላ የሚደርስ የለም» አሉኝ። «መኪናዋ ደህና ናት?»

አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ልናገር የከፈትኩት ይመስለኛል።

«ደህና ናት ጓድ» አልኩ።

አብራኝ የወረደችው ሲስተር ጽጌ ናት። የጂንካ ልጅ ናት፤ አያቶቿ ከሰሜን የመጡ። ዲመካ ጤና ጣቢያ ስለሠራች ሐመርኛ ትሞክራለች። ስንወርድ ያን አሸዋማ ወንዝ በማለዳ አለፍነው፤ ሌሊቱን ካፊያ ስለነበር አሸዋው ጠንክሮ እንደ አስፋልት ተሸከመን። «ጎበዝ!» አለችኝ ሲስተር። እኔም ስመለስ ካቴናውን ከጠመጠምኩ ደግሞ ይበልጥ እበረታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ጋሽ ዘለቀን በማግስቱ ጠዋት ከኦሞራቴ ይዘን ተነሳን። ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ፓምፕ ከመያዛቸው በፊት የጦር ሠራዊት ሾፌር ሆነው ኦጋዴን ኖረዋል። ሲስተር ጭናቸውን በእንጨት አጣብቃ አስራዋለች፣ ደሙንም በፋሻ ጠፍራ ይዛዋለች። ቃሬዛው ስለሚረዝም የኋላ መዝጊያውን ከፍተን በገመድ አሰርነው። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ጋሽ ዘለቀ ጥርሳቸውን ያፋጫሉ እንጂ አይጮኹም።

ቱርሚን አልፈን ወንዙ ዳር ስንደርስ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። ሰማዩ ከላያችን ጥርት ያለ ነው። በስተግራ፣ ወንዙ ከሚመጣበት ተራራ በኩል ግን እንደ ከሰል የጠቆረ ደመና ተኝቷል። ወርጄ ካቴናዬን በኋላ ጎማዎቹ ላይ ጠመጠምኩ። ጋሽ ዘለቀ የሰንሰለቱን ድምፅ ሲሰሙ ቀና ለማለት ሞከሩ።

«ምንድነው የምታስረው?»

«ካቴና ነው ጋሽ ዘለቀ፤ እንዳትንሸራተት።»

«ለአሸዋ?» አሉ። ሲስተር ግን እንዳይንቀሳቀሱ ተቆጣቻቸውና ዝም አሉ። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ወንዙ በእርምጃ መቶ ሃምሳ ያህል ይሰፋል። ግማሹን አልፈን መሀል ላይ ስንደርስ መኪናዋ ከበዳት፤ ነዳጁን ረገጥኩ። የኋላ ጎማዎቹ በአንድ ጊዜ መቆፈር ጀመሩ። ካቴናው አሸዋውን እየዛቀ ወደ ኋላ ይረጫል፣ መኪናዋም ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ወደ ታች ትሄዳለች። ሳቆም የኋላ ጎማዎቹ እስከ እምብርታቸው ተቀብረው ነበር።

«የፊቱን ጫነው!» አሉ ጋሽ ዘለቀ ከሸራው ሥር። «ምን ትጠብቃለህ? ውረድና ቁልፉን አዙር።»

በፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ በእጅ የሚዞር ቁልፍ አለ። አራቱም ጎማ እንዲጎትት ሲፈለግ ወርዶ እሱን ማዞር ነው። ወረድኩ። ተንበረከክኩ። ቁልፉን አዞርኩት፤ ቀጭ አለ። በሌላው በኩል ዞሬ እሱንም አዞርኩ። የሚያገናኙት ዘንግ ግን ጂንካ አልጋዬ ሥር በጆንያ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሲስተር ጽጌ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ በተስፋ ታየኛለች። እኔ ለማንም የማይጠቅም ቁልፍ እያዞርኩ፣ ላቤ አሸዋው ላይ እየተንጠባጠበ፣ መዋሸቴን ቀጠልኩ።

ገብቼ ማርሽ አስገባሁ። የኋላው ቆፈረ። የፊቱ ዝም አለ።

ጋሽ ዘለቀ ለጥቂት ጊዜ አዳመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ የፊቱ አይሠራም አይደል?» አሉ።

መልስ ሳልሰጥ ከወዲያኛው ዳር ጩኸት ሰማን። ሁለት የሐመር እረኞች ፍየሎቻቸውን ከወንዙ ውስጥ በጥድፊያ እየነዱ ያወጣሉ። ፍየሎቹ እየተረጋገጡ ዳገቱን ይቧጥጣሉ። አንደኛው ሰው ከእጁ የማትለየውን ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ በርኩማውን፣ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው እየቀሰረ በሰባራ አማርኛ ይጮህብናል።

«ውኃ መጣ! ወንዝ መጣ! ውጡ!»

አሸዋው ደረቅ ነው። ፀሐይዋ ታቃጥላለች። አንዲት ጠብታ እንኳ አላየሁም። ሆኖም ጆሮዬን ሳቀና ከሩቅ፣ ከወንዙ መታጠፊያ ማዶ፣ ከባድ መኪና አቀበት ሲወጣ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። በዚያ አካባቢ ደግሞ ከኛ ሌላ መኪና አልነበረም። ደራሽ ውኃ ነው።

«ማርቆስ!» አለች ሲስተር። «አራቱም ጎማ ይጎትት የለም እንዴ?»

«አይጎትትም» አልኩ። «ከተሰበረ ሁለት ወር አልፎታል። ዘንጉን ደብቄዋለሁ። ያስሩኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

የዚያን ጊዜ ፊቷን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አልሰደበችኝም። ዞራ የጋሽ ዘለቀን ቃሬዛ ገመድ መፍታት ጀመረች። ለእረኞቹ በሐመርኛ ጮኸች፤ አንደኛው፣ ኋላ ስሙ ኦይታ መሆኑን ያወቅነው፣ ጓደኛውን አስከትሎ ወደ ወንዙ ወረደ። ከወንዝ ውስጥ ፍየል የሚያሸሽ ሰው ተመልሶ ለማያውቀው ሰው ወደዚያው ሲገባ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቃሬዛውን ለአራት ተሸክመን ሮጥን። አሸዋው እግር ይይዛል። ጋሽ ዘለቀ ያን ጊዜ ጮኹ፤ መንገዱን ሁሉ ያላሰሙትን ጩኸት። ወዲያኛውን ዳር ወጥተን ግራር ጥላ ሥር ስናስቀምጣቸው ፋሻው በደም ርሶ ነበር። ሲስተር በሁለት እጇ ተጫነችው።

«ደሙ አልቆም አለ» አለች፤ ለኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። «ዛሬውኑ ጂንካ መግባት አለባቸው። መኪናዋን ውኃ ከወሰዳት …» አልጨረሰችውም።

ጋሽ ዘለቀ ዓይናቸውን ገለጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ስማ» አሉኝ። «ያን ሰንሰለት ጣለው። ጭነቱንም ጣለው። ጭቃን ነክሰህ ነው የምታልፈው፤ አሸዋ ግን ከነከስከው ይቀብርሃል። ላዩ ላይ ነው መሄድ። የአራቱንም ጎማ ነፋስ አስተንፍስ፤ ጎማው እንደ ግመል እግር እስኪንጣለል ድረስ። ከጎማው ፊት አሸዋውን ጥረግለት። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ፣ ቀስ። ከተንቀሳቀሰች እንዳታቆም።»

የደራሹ ውኃ ድምፅ ቀርቧል። ልሂድ ወይስ ልቅር የሚል ሐሳብ መጣብኝ ብል እዋሻለሁ፤ እግሬ ሮጦ ነበር። ድፍረት አልነበረም። ከዚያ ሰው ፊት መቆም ስላልቻልኩ ነው።

ካቴናው ግማሹ ተቀብሯል። በእጄ ቆፍሬ መንጠቆውን ስፈታ ጥፍሬ ተገነጠለ፤ ሕመሙን የሰማሁት ማታ ነው። የአሸዋ ጆንያዎቹንና ብረቱን ወርውሬ ጣልኩ። ከዚያ ሚስማር ይዤ የመጀመሪያውን ጎማ አስተነፈስኩ። ፍስስስ … ሲል የሚፈጀው ጊዜ! ነፋሱ የሚወጣበት ቀዳዳ የስንዴ ቅንጣት አያህልም። የጎማውን ፉጨት ልስማ ወይስ የተራራውን ድምፅ? ሁለቱ ተደባለቁብኝ። ሚስማሩ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ።

ቀና ስል ሲስተር ጽጌ ከወዲያ በኩል ባለው ጎማ ሥር ተንበርክካ፣ የፀጉሯን መያዣ ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ ከትታለች።

«ጋሽ ዘለቀስ?»

«ኦይታ ይዞልኛል፤ እንዴት እንደሚጫን አሳይቼዋለሁ። ሁለቱ የኔ፣ ሁለቱ ያንተ» አለች ሳታየኝ። «ፍጠን።»

አራተኛው ጎማ ሲንጣለል ነፋስ መጣ። የቀዘቀዘ፣ እርጥብ አፈር የሚሸት ነፋስ። ከላይ በኩል ወፎች በአንድ ጊዜ ተነሱ። ሁለታችንም በክንዳችን ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ ጠረግን፤ እሷ ነጠላዋን ከአንዱ የኋላ ጎማ ሥር፣ እኔ ኮቴን ከሌላው ሥር አነጠፍን። እሷ አብሯት ከወረደው ከሁለተኛው እረኛ ጋር ከኋላ ሆና ልትገፋ ቆመች።

መሪውን ያዝኩ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። ሞተሩ ሊጠፋ ተንቀጠቀጠ። እግሬ ነዳጁን ርገጥ ርገጥ ይለኛል፤ ሁለት ወር ሙሉ በጭቃ የለመደው እሱን ነው። አልረገጥኩም። «እግዚአብሔር ሆይ» አልኩ፤ ከዚያ በኋላ የሚባለው ጠፋኝ። መኪናዋ ተንገራገጨች፣ ቆመች መሰለኝ፣ ከዚያ ከጉድጓዷ ወጣች። ተንሳፈፈች ማለት ይቀላል። የተንጣለሉት ጎማዎች አሸዋውን ሳይቆፍሩት ይረግጡት ጀመር።

«አታቁም! አታቁም!» ሲስተር ከኋላ እየሮጠች ትጮሃለች።

በግራ መስኮት በኩል አየሁት። ውኃ አይመስልም ነበር። ግንድ፣ ቅርንጫፍ፣ አረፋና ቡናማ ጭቃ የተሸከመ፣ ከወገብ ከፍ የሚል ግድግዳ ታጥፎ መጣ። ፊቱ ላይ አንድ ሙሉ ግራር ከነሥሩ ይንከባለላል። መውጫው ሠላሳ እርምጃ ይቀረኛል። የሰው እርምጃ ያህል እየሄድኩ ነው። መፍጠን አልችልም፤ ብፈጥን እቀበራለሁ። አንባቢዬ፣ እየሮጠ ከሚመጣ ሞት ፊት ቀስ ብለህ ሂድ ተብለህ ታውቃለህ?

ሲስተርና እረኛው ቀድመውኝ ዳሩን ወጡ። የፊት ጎማዎቼ ጠንካራውን መሬት ሲነኩ የመጀመሪያው ውኃ የኋላዎቹን ላሰ። መኪናዋ ኋላዋ ወደ ጎን ተንሸራተተ። ከዚያ የኋላ ጎማዎቿ ድንጋይ አገኙና ዳገቱን ወጣች። ዞሬ ሳይ እኔ የነበርኩበት ቦታ ላይ ያ ግራር ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ሲያልፍ አየሁ።

ጣቶቼ ከመሪው አልላቀቅ አሉ። ሲስተር ጽጌ መጥታ አንድ በአንድ ፈታችልኝ።

ኦይታ ከግራሩ ጥላ ሥር አልተነሳም ነበር። ሁለት መዳፉ የጋሽ ዘለቀ ጭን ላይ እንዳለ፣ እንደታዘዘው ተጭኖ፣ ጎረቤቱን እንደሚያስታምም ሰው ተቀምጧል። ጎማዎቹን በእጅ መንፊያ ስንነፋም እሱና ጓደኛው ተራ ገቡልን። መንፋቱ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ጂንካ ስንገባ ጀምበር ጠልቃ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዘንጉን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ በትከሻዬ ተሸክሜ ጓድ መኮንን ቢሮ ገባሁና ጠረጴዛቸው ፊት አስቀመጥኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ገብሱንም ጭምር።

«ሲሰበር ያየህ ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

«የሚቀጥለው በሽተኛ እንዳይሳፈርባት» አልኩ።

ቀበሌ ውስጥ አሥራ ሰባት ቀን ታሰርኩ። አንድ ዓመት ከመሪ ታግጄ ጋራዥ ውስጥ መኪና አጠብኩ። ኋላ እንደሰማሁት ጓድ መኮንን ወረቀቱ ላይ «አሻጥር» ሳይሆን «ቸልተኝነት» ብለው ጻፉ፤ ያ አንድ ቃል ሕይወቴን አትርፎልኛል ብዬ አምናለሁ። ለሁለት ወር እንቅልፍ ያሳጣኝ ፍርሃት ደርሶ ሲያልፍ አሥራ ሰባት ቀንና አንድ ባልዲ ውኃ ሆኖ አገኘሁት።

ለጋሽ ዘለቀ ግን እንዲህ አልቀለለም። ሜዳው ሲደርቅ በአውሮፕላን አርባ ምንጭ ተወሰዱ፤ እግራቸው ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ያ ወንዝ ውስጥ ያጠፋነው ሰዓት ነው ያስቆረጣቸው? ወይስ ፓምፑ ሲወድቅ አብቅቶለት ነበር? ሲስተር ጽጌን ከዓመታት በኋላ ጠየቅኳት። «አላውቅም» አለችኝ። «ይህን እንዳትጠይቀኝ እየጸለይኩ ነው የኖርኩት።»

በክራንች ቤተሰባቸው ወዳለበት ጂንካ ሲመለሱ ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። አነሱኝ፤ ሚስታቸው ምሳ አቀረቡልኝ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉኝ። «ተመልሰህ ወንዙ ውስጥ ገብተሃል። ያንን አይቻለሁ። ግን አንተ በምትነዳው መኪና ዳግመኛ አልሳፈርም።»

ቃላቸውን ጠበቁ። መንዳት ከተፈቀደልኝ በኋላ በገበያ ቀን፣ በዝናብም ጭምር፣ ዳገቱን በክራንች ሲወጡ እደርስባቸዋለሁ። ሁልጊዜ አቆማለሁ። በሩን እከፍታለሁ። እሳቸው በፈገግታ ቆባቸውን ያነሳሉ፣ የቤተሰቤን ደህንነት ይጠይቃሉ፣ ከዚያ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

ኋላ እኔም የሾፌሮች አለቃ ሆንኩ። ሾፌሮቼን ጠዋት ጠዋት «ደህና ናት?» ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ለዚህ ጥያቄ መልሱ ቀላል ነውና። «የማይሠራው ምንድነው?» እላቸው ነበር፤ የነገረኝንም አልቀጣሁም። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ከበታቻችሁ የሚሠራ ሰው ካለ፣ የተሰበረውን ይዞ ቢመጣ እንደማትበሉት አስቀድማችሁ አሳዩት። የሰበራችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ሂዱና ተናገሩ። ጋሽ ዘለቀ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሰላምታ ነፍገውኝ አያውቁም፤ ያችን ዳገት ግን አንድም ቀን አብረን አልወጣናትም።